ባሱ ቦታውን ያገኘበት ጥግ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ አምኜ አላውቅም፣ ይኸን መጀመሪያ ያዝልኝ ወዳጄ። ያደግሁት ቁስቋም ነው፣ ከግንቡ ፍርስራሽ ሥር፣ እዚያ ሰፈር ደግሞ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ወሬ አለው፣ እገሌ የፈረስ ኮቴ ሰማ፣ እገሊት ነጭ የለበሰች ሴት ከቅጥሩ ስትወጣ አየች ይባላል፣ እኔ ግን እዚያው ፍርስራሽ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ካርታ ስጫወት አምሽቼ በደህና የምገባ ልጅ ነበርኩ፣ አንድም ቀን ፀጉሬ ቆሞ አያውቅም። አባታችን ቄስ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በቤታችን ስለ መንፈስ የሚነገረው ከመጽሐፍ እየተነበበ ነው እንጂ በሹክሹክታ አልነበረም። ደግሞ የሚገርምህ፣ የእኔ ነገር የሆነው በጨለማ አይደለም፣ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በመስኮት ብርሃን እየገባ፣ የጎረቤት ሕፃናት ውጭ ጭቃ እየረገጡ ሲጮሁ። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እጠረጥር ነበር። አሁን የምጠረጥረው አፍንጫዬን ነው፣ አፍንጫ ደግሞ... እንጃ። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም፣ ብቻ እንደሆነው ልጻፈው።

ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ይባላል። ይባል ነበር ማለት ነበረብኝ፣ እጄ ገና አልለመደውም። እኔ አያ ይርጋ ነበር የምለው። በገና ይደረድር ነበር፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ደግሞ ስቱዲዮ አድርጓት ነበር፣ ስቱዲዮ ስልህ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክ፣ ሁለት ትናንሽ ስፒከር፣ አንድ ወንበር፣ በቃ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ሰው ግድግዳውን በስፖንጅ ነው የሚሸፍነው፣ አያ ይርጋ ግን መካነ ብርሃን የሚኖረው አጎታችን የላከለትን የበግ አጎዛ ከጣሪያ እስከ ወለል ደረደረው፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ። «የደጋ በግ ነው፣ ከስፖንጅ ይበልጣል» ይል ነበር። በበጋ እውነቱን ነው፣ ገብተህ በሩን ስትዘጋ የራስህን ልብ ትሰማለህ። ቆዳው ግን በደንብ የለፋ አልነበረም፣ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣል፣ ያልበዋል፣ ጠጉሩን ስትነካው ጣትህ ላይ ሞራ የመሰለ ነገር ይቀራል። ፒያሳ ሬዲዮና ስፒከር የሚጠግነው ጓደኛው ደሳለኝ በመጣ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚገባው።

«አንተ ይርጋ፣ ይኼ ስቱዲዮ አይደለም፣ በግ ነው» ይለው ነበር። «ቆዳው ግድግዳ ላይ፣ አንጀቱ በገናህ ላይ። ሥጋው የት ሄደ?»

«አንተ በልተኸው ነዋ!» ይለዋል አያ ይርጋ፣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ የበገና ጅማት ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ታውቅ የለ፣ እሱን ማለቱ ነው።

ከዚያ አያ ይርጋ ታመመ። ጉበቱን ነው። ጠያቂው በዝቶ ሲያደክመው «እዚያ ዝም ያለው ክፍል አስተኙኝ» አለን፣ አልጋውን ወደ ስቱዲዮው አስገብተን ከበሩ ትይዩ ባለው ጥግ አደረግንለት። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። እማ ቀን ቀን ትቀመጣለች፣ ሰውነቱን የማጥበው፣ ከንፈሩን በጨው ውኃ በራሰ ጥጥ የምጠርገው፣ የሚያስመልሰውን በሳፋ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ከአፉ የሚወጣው ሽታ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ መናገር ስላለብኝ ነው፣ ጣፈጥ ያለ ነገር ነበረው፣ እንደ ጠቆረ ሙዝ፣ ከሥሩ ደግሞ የከረመ ደም። መጨረሻ ላይ ትንፋሹ ሁለት አጭር አጭር ይሆንና ዝም ይላል፣ ዝም፣ ሞተ ስትል ጉሮሮው ውስጥ እንደ ሽሮ እየተንተከተከ አንድ ረጅም ይወጣል። እመነኝ፣ አንድም ቀን አልተጸየፍኩትም። ፊቴን ፊቱ ላይ አድርጌ ነው የተኛሁት። ወንድሜ ነዋ። ይኸንንም ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሳይታመም በፊት፣ በሁዳዴ፣ ለእማ ብሎ አንድ የበገና መዝሙር ቀድቶ ነበር። ሳልጨርሰው አትሰማውም አለ። ያልጨረሰው ደግሞ በእነዚያ ትናንሽ ስፒከሮች የበገናው ወፍራም ጅማት ስለማይሰማ ነው፣ ንዝረቱ ይጠፋል፣ ዝንብ የያዘ ጣሳ ይመስላል፣ ስለዚህ ሰብውፈር ገዛ፣ እኛ ባስ የምንለውን ያንን ጥቁር ትልቅ ሳጥን፣ ፊቱ ላይ የሚርገበገብ ክብ ሽፋን ያለው፣ ከሥሩ ደግሞ አየር የሚወጣበት ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው። ካርቶኑ ሳይከፈት አልጋ ላይ ወደቀ። በደከመ ድምፁ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«ባስ ቦታውን ካላገኘ ክፉ ነው፣ ወይ ይጠፋል ወይ ሌላውን ሁሉ ይውጣል። ቦታውን ፈልግለትና ለእማ አሰማልኝ።»

እሺ አልኩት። ሐምሌ ሲገባ ቀበርነው።

እማ ከቀብሩ በኋላ መብላት ተወች። ፍልሰታ ሲገባማ ሰበብ አገኘች፣ «እጾማለሁ» ትላለች፣ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ትሪውን በእጇ ጀርባ ገፋ ታደርገዋለች። የአንገቷ ማተብ የረዘመ እስኪመስል አንገቷ ቀጠነ። ጎረቤት ሲቆጣት የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለአርባው የልጄን በገና ልስማ፣ ከዚያ እግዜር የፈቀደውን ያድርግ።» «ከዚያ» የምትለው ነገር ነው ያስፈራኝ። በዚህ ክረምት አንድ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛውን አልችልም። መዝሙሩ ሸጋ ሆኖ ከተሰማት እህል ትቀምሳለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ፣ ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ደሳለኝ ጋ ሄድኩ።

«ስማ ቸሬ» አለኝ፣ «የት ላስቀምጠው ብለህ አትጨነቅ። ባሱን ራሱን ወንበሩ ላይ አውጣው፣ ይርጋ ይቀመጥበት የነበረው ላይ። በገናውን ክፈትና አንተ ዳኽ።»

«ምን?»

«ዳኽ እልሃለሁ፣ እንደ ሕፃን! ጆሮህን ወደ ወለሉ አስጠግተህ ግድግዳ ግድግዳውን ዙር። አንዱ ጋ ባሱ ይጠፋል፣ አንዱ ጋ ያገሳል፣ አንዱ ጋ ልክ ይሆናል። ልክ የሆነበት ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ልክ ሆኖ ይሰማሃል።»

«እየቀለድክብኝ ነው።»

«በእናቴ! ይርጋም እንዲህ ነበር ሊያደርግ ያሰበው። በሩን ዝጋ እንጂ፣ እማማ በአራት እግርህ ስትሄድ ካዩህ ጠበል ነው የሚወስዱህ።»

እማ ቅዳሴ ላይ ሳለች ጀመርኩ። ሳጥኑን ወንበሩ ላይ አወጣሁት፣ መዝሙሩን ተደጋግሞ እንዲዞር አድርጌ ከፈትኩና ተንበረከክሁ። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ላስቲክ በእርጥበቱ መዳፌን ያዝ ያደርግና ጥጭ እያለ ይለቀኛል። በሩ አጠገብ ባሱ የለም፣ ጠፍቷል። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፣ እዚያ ያገሳል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማር ሁሉ ይንጣጣል። በግድግዳው ጥግ ጥግ ስሄድ የአጎዛው ጠጉር ጉንጬን ይልሰኛል፣ እርጥብ፣ ሞቅ ያለ፣ የላም ምላስ ይመስላል፣ አንድ ጠጉር አፌ ውስጥ ገብቶ ስተፋው ስተፋው አልወጣ አለኝ፣ የቆየ ሞራ ጣዕም ምላሴ ላይ ቀረ። እንትፍ እያልኩ ደሳለኝን ረገምኩት።

እዚያ ጥግ ደረስኩ። ላስቲኩ ላይ የአልጋው እግር የጎደጎደበት ምልክት አለ። ጆሮዬን ራስጌው በነበረበት በኩል ወለሉ ላይ አደረግሁ፣ ወዳጄ፣ በገናው ሙሉ ሆነ። ወፍራሙ ጅማት ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ይመስል ደረቴን ያዘኝ፣ የአያ ይርጋ ድምፅ ከላዩ በእርጋታ ሄደ። ተኝቼ አለቀስኩ። አገኘሁልህ አልኩት።

እያለቀስኩ ሳለ ከጅማቱ ሥር ሌላ ነገር ሰማሁ። ሁለት አጭር። ዝም። አንድ ረጅም፣ የሚንተከተክ።

ሲቀዳ የገባ ትንፋሹ ነው አልኩ። ከዚያ ግን ሲቀዳ በሁዳዴ ነው፣ ጤነኛ ነበር፣ እንዲያ አይተነፍስም ነበር። እንግዲያው እርጥበት ነው፣ ሽቦው ነው፣ አልኩ። ጉንጬን ከወለሉ ሳነሣ ላስቲኩ ሞቆ ነበር፣ ተኝቼበት ነው ትለኝ ይሆናል፣ እኔም እንዲያ ብያለሁ። ተነሥቼ ባሱን ከወንበሩ አወረድኩና እዚያው ጥግ፣ ራስጌው በነበረበት፣ አስቀመጥኩት። በደንብ ገጥሞ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ስል ከቀዳዳው የሚወጣው አየር ፊቴን መታኝ።

ያ ሽታ ነው። የጠቆረ ሙዝና የከረመ ደም። ለብ ያለ። ከንፈሬ ላይ ነጠብጣብ ቀረ፣ ሰው ፊትህ ላይ ሲያስል እንደሚቀረው ዓይነት።

መዝሙሩን አቆምኩት። ክፍሉ ዝም አለ፣ ሽፋኑ ግን አላቆመም። ድምፅ የለውም፣ ብቻ ወጣ ገባ ይላል፣ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ አንድ ቀስ ያለ፣ ከውስጥ ሳንባ የሚገፋው ይመስል። ሶኬቱን ነቀልኩ። ተወው፣ ሲነቀል ትንሽ የቀረ ኤሌክትሪክ ይኖራል፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ጠበቅሁ፣ ውጭ ሕፃናቱ አንድ ዘፈን ጀምረው ጨረሱ፣ እሱ ግን ይተነፍሳል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ልዝጋው ብዬ ቀዳዳውን በመዳፌ ከደንኩት። ጠርዙ ርሷል፣ ዝልግልግ ነው። ከዚያ ትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲመለስ መዳፌን ሳበው፣ ጠባው፣ ድድ እንጂ ጥርስ እንደሌለው አፍ፣ ስነጥቀው ጧ ብሎ ተላቀቀ፣ ክር የመሰለ ለሐጭ በእጄና በሳጥኑ መካከል ተዘርግቶ ቀጠነና ተበጠሰ።

በሩ ላይ ደርሼ አስመለሰኝ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁት፣ በግድግዳ ጠረግሁት፣ በጭቃ አሸሁት፣ ቆዳዬን ገፍፌ ብጥለው ደስ ባለኝ። እና እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ የመጣልኝ አሳብ ይኼ ነው፦ የወንድሜን ትውከት በእጄ ተቀብያለሁ፣ አፉን በጣቴ ጠርጌያለሁ፣ አንድም ቀን አልቀፈፈኝም። ይኸን ግን ተጸየፍኩት። ስለዚህ ይኼ እሱ አይደለም። ሽታው የእሱ ነው፣ ትንፋሹ የእሱ ነው፣ እሱ ግን አይደለም።

እማ ነጠላዋ በካፊያ ርሶ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። እኔን አየችኝ፣ የተከፈተውን በር አየች፣ ምን ሆንክ እንኳ ሳትለኝ አልፋኝ ገባች። ተከትያት ስገባ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ጉንጯን ሳጥኑ ላይ አድርጋለች። የተነቀለው ሶኬት መሬት ላይ ተጥሎ አየዋለሁ። ስለ ትንፋሹ ምንም አልነገርኳትም፣ እምላለሁ።

«ትራሱ ዝቅ ብሎበት ነው» አለች። «እንዲህ ሲንተከተክ ዝም ትላለህ? ከፍ አድርግለት እንጂ።»

«እማ... ምን ይሸትሻል?»

«ምን ይሸተኛል? ልጄ ነው።»

«እማ፣ እሱ አይደለም። ተነሽ፣ በሞቴ ተነሽ።»

«እኔን ነው የምታስተምር? ምነው? ዘጠኝ ወር የተሸከመው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለችና ደግሞ በለዘበ ድምፅ፣ «በል ክፈትልኝ፣ ልስማው» አለችኝ።

ከፈትኩላት። ምን ላድርግ። መዝሙሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ሸጋ ሆኖ የሚሰማበት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው፣ አለቀሰች፣ ፈገግ አለች፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ «ራበኝ» አለች። ራበኝ! ከሐምሌ ጀምሮ ያልሰማሁት ቃል ነው። ሽሮውን ጠርጋ በላች። እኔ ከትሪው ማዶ ሆኜ ሽሮው ሲንተከተክ ማየት አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

በማግሥቱ ደሳለኝን አመጣሁት። ሽታ አለ ብቻ ነው ያልኩት። «አላልኩም? በጉ ነው!» ብሎ ሳቀ፣ አጎዛውን ሁሉ ከግድግዳው ገፈን ከሰፈሩ በታች ካለው ገደል ወስደን ጣልነው። ሽታው አልሄደም። ከዚያ ሳጥኑን ፈታው፣ ውስጡ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ፣ ሙጫና አዲስ እንጨት።

«ይኸው፣ ምንም የለውም» አለኝ። መልሶ ገጠመውና ልክ መሆኑን ለማየት እጁን በቀዳዳው ሰደደ። ፊቱን እያየሁት ነበር። ቶሎ አወጣውና መዳፉን ተመለከተ። ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ታጠበ፣ አሸተተ፣ ዱቄት ሳሙና ጠይቆ እንደገና ታጠበ።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ደሴ፣ ምን ነካህ?»

«ምንም አልኩህ እኮ!» እጁን ከሰውነቱ አርቆ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። «ከዚያ ጥግ አንሣው፣ ቸሬ» አለኝና ሄደ። ቀልድ የለ፣ ምን የለ። እማ ምሳ አቅርባለት ነበር፣ አልቀመሰላትም።

አነሣሁት። በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ እዚያ ተራ ሳጥን ሆነ፣ አይሸትም፣ አይተነፍስም፣ ድምፁም ጠፋ። ያን ቀን እፎይ ብዬ ተኛሁ። እማ ግን ስትገባ አየችው፣ አየችኝ፣ «ምነው ልጄን በር ላይ አስተኛኸው?» አለችኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለ። ትሪው እንደሄደ ይመለሳል። ጠበል እንኳ መጠጣት ተወች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ ልብሷን ስቀይርላት የጎድን አጥንቷ በጣቴ ይቆጠራል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔ አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ፣ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ባሱን በራሴ እጅ ወደ ጥጉ መለስኩት። ገና መሬት ሳይነካ ፌስታሉ በላብ ረሰረሰ። የእኔ ላብ ይሆናል። እማ በሩ ላይ ቆማ «እሰይ የኔ ሸጋ» አለች፣ ለማን እንዳለችው አላውቅም፣ እኔን እያየች አልነበረም።

አርባው ወጣ። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ቤቱን ሁሉ ጠበል ሲረጩ ወደ ስቱዲዮውም ገቡ፣ ከረጩት ጥቂቱ በቀዳዳው ገባ፣ ከውስጥ አንድ ነገር በሚሰማ ድምፅ ስልቅጥ አድርጎ ዋጠው። እሳቸው አልሰሙም፣ ወይም የሰሙ አልመሰሉም። እማ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች፣ አያ ይርጋ ታሞ ሳለ ውኃ በማንኪያ ስሰጠው እንደዚያ ሲውጥላት ትስቅ ነበር።

ይኸው አሁን መስከረም ጠባ። እማ ደህና ናት። ትበላለች፣ ወፍራለች፣ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች፣ ሰው ሁሉ «እናትህን እንዴት አድርገህ አዳንካት» እያለ ይመርቀኛል። ከቅዳሴ መልስ ስቱዲዮው ትገባና በሩን ትዘጋለች፣ መብራት ባለበት ቀንም በሌለበትም። እኔ በዚያ በር አላልፍም፣ በግቢው ማዶ እዞራለሁ። ደሳለኝ መንገድ ላይ ሲያየኝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ በአንገቱ ነው ሰላም የሚለኝ። እሷ ጉንጯን የምታስጠጋበት ያ ነገር እሱ ካልሆነ ምንድን ነው እያልኩ ማሰብ ስጀምር ሌላ ነገር አስባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በሩ ላይ አገኘኋትና እንደ ልማዷ አገላብጣ ሳመችኝ። ከአፏ ያ ሽታ መጣ። ጣፈጥ ያለው። ጉንጬ ላይ እርጥብ ነገር ቀረ፣ ለመጥረግ እጄን አነሣሁ፣ እሷ ግን ገና አልሄደችም፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ታየኛለች። ሁለት አጭር ተነፈሰች። ዝም አለች።

እጄን መለስኩት። ዝም እንዳለች ቆማ፣ እኔም ቆሜ፣ ረጅሙን ጠበቅሁ።